ለወታደራዊ ግንባታ ዋጋ መገመትና ወጪ መቆጣጠር፦ ከፍላጎት ሰነዱ እስከ መጨረሻው ርክክብ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1941 የፔንታጎን ቁፋሮ ሲጀመር ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበው ግምት 35 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በጥር 1943 ሕንፃው ሲያልቅ ወደ 83 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር። ንድፉ ሳያልቅ ሥራው ተጀመረ፤ በመሃሉ አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ገባች፤ ሕንፃውም እየተሠራ አደገ። ያን የሚያህል ግንባታ በ16 ወራት ማቆም ድንቅ ሥራ ነው፤ ለተጨመረው ገንዘብም ጦርነቱ በቂ ምክንያት ነበር። በሰላም ጊዜ የሚሠራ የወታደር መኖሪያ ወይም የተሽከርካሪ ጥገና ጋራዥ በዚያው መንገድ በጀቱን ጥሶ ሲገኝ ግን የሚያቀርበው ምክንያት የለውም።

ይህ መመሪያ ለመሐንዲሱ፣ የሥራውን መጠንና ዋጋ ለሚያሰላው ኳንቲቲ ሰርቬየርና አሠሪውን መሥሪያ ቤት ወክሎ ፕሮጀክቱን ለሚመራው ሰው ነው። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ፦ ግምቱና የወጪ መቆጣጠሪያው አንድ መዝገብ ይሁኑ። ብዙ ጊዜ ገማቹ ድምሩን አስረክቦ ይሄዳል፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ በራሱ አከፋፈል ሌላ ሠንጠረዥ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ የትኛው ሥራ ከታሰበለት በላይ እንደበላ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት የዋጋ መመሪያዎቹን በይፋ ስለሚያወጣ አንዳንድ ምሳሌዎችን ከዚያ እወስዳለሁ፤ ስሌቱ ግን የትም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ፍላጎቱን አጥሩ

በአፍጋኒስታን ሄልማንድ ግዛት፣ ካምፕ ሌዘርኔክ በተባለው የጦር ሰፈር 64,000 ስኩዌር ጫማ ስፋት ያለው የዕዝ ሕንፃ ተሠርቶ ነበር። ወደ 36 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ለታሰበለት ሥራ አንድም ቀን ሳይውል ቀረ። ያሳዝናል የሚያሰኘው፣ በቦታው የነበሩት የባሕር ኃይል እግረኛ አዛዥ ሕንፃው እንደማያስፈልጋቸው እ.ኤ.አ. በ2010፣ ግንባታው ሳይጀመር፣ በጽሑፍ አሳውቀው መሰረዙን ጠይቀው እንደነበር ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ተቋራጩ በግምቱ ውስጥ ቢያጠናቅቀው እንኳ ገንዘቡ ሁሉ ብክነት ነው። ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው አጥር ሳይታጠር፣ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ ተጠቃሚውን ክፍል ፊት ለፊት አስቀምጦ መጠየቅ ነው። ስንት ሰው ይኖርበታል፣ ስንት ተሽከርካሪ ይገባበታል? የትልቁ ተሽከርካሪ ክብደት፣ ቁመትና የመዞሪያ ስፋት ምን ያህል ነው? ሕንፃው ለስንት ዓመት ይፈለጋል፤ ለ5 ወይስ ለ50? አሁን ያለውን ሕንፃ ማደስ ለምን አልበቃም? ክፍሉ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር ሕንፃውን ማን ይረከበዋል? የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት በጋራ ገንዘብ ለሚያስገነባቸው ሥራዎች የሚከፍለው ዝቅተኛውን ወታደራዊ ፍላጎት ለሚያሟላው መጠን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የፈለገ አገር ልዩነቱን ከራሱ ኪስ ይሸፍናል። የጋራ በጀት ባይኖራችሁም ልማዱን ውረሱት፦ ፍላጎቱን “ያለዚህ ተልእኮው አይፈጸምም” እና “ቢኖር ጥሩ ነው” ብላችሁ በሁለት ዓምድ ክፈሉት። ሁለተኛው ዓምድ በደረጃ 8 ያስፈልጋችኋል።

መልሱ ሲገኝ አስፈርሙት። ያልተፈረመ ፍላጎት ከስድስት ወር በኋላ አዛዡ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። በጦር ውስጥ ደግሞ አዛዥ መቀየሩ አይቀርም፤ የግንባታው ዕድሜ ከአንድ አዛዥ የሹመት ዘመን ይረዝማልና።

ደረጃ 2፦ ሳይቱን በእግራችሁ ዙሩት

ወታደራዊ መሬት ታሪክ አለው። የድሮ የተኩስ ሜዳ ከሆነ ያልፈነዳ ጥይት ይኖራል፤ የድሮ ነዳጅ ዴፖ ከሆነ አፈሩ ተበክሏል፤ አሮጌ ሕንፃ የሚፈርስ ከሆነ አስቤስቶስ ሊገኝ ይችላል። እነዚህን ማጽዳት ከራሱ ከግንባታው ጋር የሚፎካከር ወጪ ሊያስከትል ይችላል፤ ጊዜውም አስቀድሞ በቁርጥ አይታወቅም። የአፈር ምርመራ ሳይደረግ የመሠረት ዋጋ የሚጽፍ ገማች ለራሱም ለአሠሪውም ወጥመድ እየጠመደ ነው።

ከዚያ ውኃ፣ መብራት፣ የፍሳሽ መስመርና መንገድ ምን ያህል እንደሚርቁ ለኩ። መስመሩ አጠገባችሁ አለ ማለት አቅም አለው ማለት አይደለም። ትራንስፎርመሩ የተጨማሪ 300 ወታደር መኖሪያ ይሸከም እንደሆነ የሚመለከተውን ባለሙያ ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ።

በአብዛኛው ግምት ውስጥ የማይገባው የበሩ ጉዳይ ነው። በጦር ሰፈር ውስጥ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ይፈተሻል፣ መታወቂያው ይጣራል፣ አንዳንዴም አጃቢ ይጠብቃል። የሚከፈለው 8 ሰዓት ሆኖ በር ላይ 1 ሰዓት ከባከነ፣ ውጤት ያለው ሥራ 7 ሰዓት ነው፤ የእያንዳንዱ የሥራ ሰዓት ዋጋ በ14 በመቶ ከፍ ይላል። የኮንክሪት ማመላለሻ መኪና በር ላይ ቆሞ ከዘገየ ደግሞ ጭነቱ መጠንከር ስለሚጀምር ይደፋል። በተጨማሪ ልምምድ ያለበት ሳምንት፣ ማኮብኮቢያው የማይዘጋበት ሰዓት፣ የጥይት እንቅስቃሴ ያለበት ቀን እያለ ሥራው ይቆማል። እነዚህን ገደቦች ከሰፈሩ የጥበቃና የዘመቻ ክፍል በጽሑፍ ተቀበሉና በጨረታ ሰነዱ ውስጥ አስገቡ። ተቋራጩ አስቀድሞ ካወቀ በዋጋው ያካትተዋል፤ ካላወቀ በክሌም፣ ማለትም በተጨማሪ ክፍያ ጥያቄ፣ ያመጣዋል፤ በክሌም የመጣ ሁልጊዜ ይወደዳል።

ደረጃ 3፦ ግምታችሁ ምን ያህል እንደሚታመን ከቁጥሩ ጎን ጻፉ

የዋጋ ምህንድስና ባለሙያዎች ግምትን ከ5ኛ እስከ 1ኛ በደረጃ ይመድቡታል። ሐሳብ ብቻ ሲኖር የሚወጣው 5ኛ ደረጃ ነው፤ ለሕንፃ ሥራ በተለምዶ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊወርድ፣ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል ይታሰባል። ሙሉ ሥዕልና የተጠናቀቀ የሥራ ዝርዝር ያለው 1ኛ ደረጃ ግን ቢወርድ ከ3 እስከ 5፣ ቢጨምር ከ3 እስከ 10 በመቶ ነው። ወደ ላይ ያለው ርቀት ወደ ታች ካለው እንደሚሰፋ ልብ በሉ። የተረሳ ሥራ ሁልጊዜ ይኖራል፤ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ሥራ ግን ብዙ አያጋጥምም።

ጉዳት የሚመጣው የመጀመሪያው ቁጥር በስብሰባ ላይ ተነግሮ እንደ ቃል ኪዳን ሲያዝ ነው። በመሆኑም አንድ ድምር ብቻ አትስጡ፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብላችሁ፣ ደረጃውንና ቀኑን ጽፋችሁ ስጡ። በአሜሪካ አሠራር ዲዛይኑ 35 በመቶ ያህል ሲደርስ ግምቱን እንደገና መፈተሽ የተለመደ ነው። ዋናዎቹ ሥርዓቶች፣ ማለትም መሠረቱ፣ ተሸካሚ አካሉ፣ ኤሌክትሪኩና ሜካኒካሉ፣ በዚያን ጊዜ ስለሚታወቁ ነው። እዚያ ደርሶ ከበጀቱ በላይ የሆነ ዲዛይን ወደፊት መቀጠል የለበትም፤ በኋላ ይስተካከላል እየተባለ የሚገፋ ሥዕል ጨረታ ላይ ያዋርዳል።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ግምት በስፋትና በማስተካከያ ቁጥሮች ሥሩ

ሥዕል ሳይኖር መነሻው ቀደም ሲል የተሠሩ ተመሳሳይ ሕንፃዎች የስኩዌር ሜትር ዋጋ ነው። የአሜሪካው የዋጋ መመሪያ ለየሕንፃው ዓይነት አማካይ ነጠላ ዋጋ ይሰጥና በሁለት ዋና ማስተካከያዎች ያባዛዋል። አንዱ የስፋት ማስተካከያ ነው፤ ሕንፃው ከመደበኛው ሲበልጥ ነጠላ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሲያንስ ይጨምራል። ሌላው የቦታ ማስተካከያ ነው፤ የ96 ከተሞች አማካይ 1.00 ተብሎ ይያዝና ሩቅ፣ ብርዳማ ወይም ደሴት የሆነ ቦታ ከዚያ በላይ ይወጣል። ዋናው ሕንፃ ከውጭ ግድግዳው 5 ጫማ፣ ማለትም 1.5 ሜትር ያህል ርቆ ያበቃል፤ ከዚያ መስመር ውጭ ያለው መንገድ፣ የውኃ መስመር፣ አጥር፣ የመሬት ማስተካከልና የጎርፍ መውረጃ “ደጋፊ ሥራ” ተብሎ ለብቻው ይገመታል። ይህን መስመር ውደዱት። ደጋፊ ሥራን በስኩዌር ሜትር ውስጥ ቀላቅሎ መገመት ግምት የሚበላሽበት የታወቀ መንገድ ነው።

በቁጥር እንየው። ገንዘቡ የየትም አገር ይሁን፣ 4,000 ስኩዌር ሜትር የሆነ የጥገና ጋራዥ ነጠላ ዋጋው 1,000 ነው እንበል። መነሻው 4,000,000 ይሆናል። የስፋት ማስተካከያው 0.97 ቢሆን 3,880,000፤ የቦታው 1.20 ቢሆን 4,656,000። የጥበቃና የማጠናከሪያ ሥራ 280,000 ጨምሩ፤ 4,936,000 ሆነ። ደጋፊ ሥራው አንድ በአንድ ተለክቶ 1,400,000 ሲጨመር 6,336,000። 5 በመቶ መጠባበቂያ 316,800 ነው፤ ድምሩ 6,652,800። ለቁጥጥር፣ ለፍተሻና ለአስተዳደር 5.7 በመቶ ሲታከል 7,032,010 ይደርሳል። (5 እና 5.7 በመቶ በአሜሪካ አሠራር ለአገር ውስጥ ሥራ ለዓመታት ሲሠራባቸው የቆዩ ቁጥሮች ናቸው፤ እናንተ የመሥሪያ ቤታችሁን ተኩ።)

አላለቀም። ይህ ዋጋ የዛሬ ነው፤ ገንዘቡ ግን ዛሬ አይወጣም። የዋጋ ንረት የሚሰላው እስከ ግንባታው አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የሚከፈለው እርስ በርሱ ይካካሳል። አጋማሹ ከዛሬ 2.5 ዓመት በኋላ ከሆነና ንረቱ በዓመት 6 በመቶ ከሆነ ማባዣው 1.157 ያህል ነው። የመጨረሻው ግምት ወደ 8.13 ሚሊዮን ይጠጋል። በ4 ሚሊዮን የተጀመረው ቁጥር ሁለት እጥፍ ሆነ፤ አንድም የተጋነነ ነገር አልገባበትም። “ስኩዌር ሜትሩ 1,000 ነው” የሚለውን ብቻ ሰምቶ በጀት የሚያስይዝ ኃላፊ ግማሹን ገንዘብ አልያዘም ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ወታደራዊ የሚያደርጉትን ነገሮች ለየብቻ ዋጋ ስጧቸው

ከሲቪል ግንባታ የሚለየው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። “ለጥበቃ 10 በመቶ” እያሉ በአንድ መስመር መጻፍ ምቹ ነው፤ ነገር ግን በኋላ ምን እንደተገዛበት ማንም አያውቅም።

ከፍንዳታ መከላከል፦ ግድግዳው የሚቀበለው ጉልበት በፈንጂው መጠንና በርቀቱ ይወሰናል፤ ግንኙነቱም በኩብ ሥር ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ያንኑ ግፊት ለመፍጠር የፈንጂው መጠን 8 እጥፍ መሆን አለበት። ለዋጋ ገማች ይህ ትልቅ ወሬ ነው። መሬት ካላችሁ ሕንፃውን ከመንገዱና ከመኪና ማቆሚያው ማራቅ፣ ግድግዳ ከማወፈርና ፍንዳታ የሚቋቋም መስኮት ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። ቦታው ጠቦ ማራቅ ካልተቻለ ግን የመስኮቱ፣ የክፈፉና የግድግዳው ዋጋ አብሮ እንደሚሄድ አስታውሱ፤ ጠንካራ መስታወት በደካማ ክፈፍ ላይ ከነክፈፉ ይነቀላል። ስለዚህ ሁለት አማራጭ ዋጋ አዘጋጁ፦ አንዱ ርቀት ያለው፣ ሌላው የተጠናከረ። አዛዡ ልዩነቱን በገንዘብ ሲያየው የሳይቱን አቀማመጥ ለመቀየር ፈቃደኛ ይሆናል።

የጥይት ግምጃ ቤት፦ እዚህ ሕንፃው ራሱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ውዱ መሬቱ ነው። በዙሪያው ባዶ የሚተወው ርቀት በዚያው የኩብ ሥር ሕግ ስለሚሰላ፣ የሚቀመጠው ፈንጂ 8 እጥፍ ሲሆን ርቀቱ እጥፍ፣ የሚያዘው መሬት ደግሞ 4 እጥፍ ይሆናል። ክምችቱን በአንድ ትልቅ ቤት ማድረግና በትንንሽ ቤቶች መክፈል የተለያየ ዋጋ አላቸው፤ የመንገዱንና የአጥሩን ርዝመት ጨምራችሁ አወዳድሩ። የመብረቅ መከላከያና የመሬት ሽቦ ሥራውንም አትርሱ።

ምስጢራዊ ክፍሎች፦ ድምፅ የማያሳልፍ ግድግዳ፣ የሬዲዮ ሞገድ መከላከያ፣ የተለየ በርና ቁልፍ፣ በግድግዳ የሚያልፍ እያንዳንዱ ቧንቧና ሽቦ የሚታሸግበት ሥራ አለ። ከዕቃው ይልቅ የሚወደደው የሠራተኛው ማጣሪያና የግንባታ ጥበቃው ነው። በሞስኮ የተጀመረው የአሜሪካ ኤምባሲ ሕንፃ ወታደራዊ ባይሆንም ትምህርቱ ለሁላችንም ነው። የሕንፃው ክፍሎች ከሳይቱ ውጭ፣ ያለ በቂ ጥበቃ ተመርተው ስለነበር የማዳመጫ መሣሪያ በኮንክሪቱ ውስጥ ተገኘ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1985 ቆመ። የላይኛዎቹ ወለሎች ፈርሰው እንደገና ተሠርተው ሕንፃው የተከፈተው በ2000 ነው። የጥበቃ ወጪን ከግምት ያወጣ ሰው ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ሊሠራ ይችላል። ምስጢራዊ ቦታውን በተቻለ መጠን በአንድ ጥግ ሰብስቡት፤ የማይመለከተው ኮሪደር ሁሉ ምስጢራዊ ሲባል ዋጋው በከንቱ ያብጣል።

መጠባበቂያ ኃይል፦ ጄኔሬተሩን ብቻ አትቁጠሩ። የነዳጅ ታንከሩ፣ የነዳጅ መፍሰስ መከላከያው፣ የማቀያየሪያ ሰሌዳው፣ የድምፅ መቀነሻው አሉ። የትኛው ጭነት ፈጽሞ መቋረጥ እንደሌለበት ተጠቃሚው በዝርዝር ይፈርም፤ “ሁሉም” የሚል መልስ አትቀበሉ።

ደረጃ 6፦ ዝርዝር ግምቱን መቆጣጠሪያ በሚሆን መልክ አዘጋጁ

ሥዕሉ ሲያልቅ የየሥራውን መጠን በቴክኦፍ ሺት (በመለኪያ ቅጽ) ትለካላችሁ፣ የየሥራውን ነጠላ ዋጋ ከዕቃ፣ ከጉልበት፣ ከማሽን፣ ከኦቨርሄድ (ከአስተዳደር ወጪ) እና ከትርፍ ትተነትናላችሁ። ይህን ሙያው ያለው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የምጨምረው ሦስት ነገር ነው። እያንዳንዱ የሥራ መስመር የወጪ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ያው ቁጥር በውሉ፣ ለተሠራ ሥራ ክፍያ በሚጸድቅበት የክፍያ ሰርተፍኬትና ከውሉ በኋላ ሥራውን በሚቀይረው የለውጥ ትዕዛዝ ላይ ሳይለወጥ ይዝለቅ። ከእያንዳንዱ ነጠላ ዋጋ ጎን ከየት እንደመጣና በምን ቀን እንደተወሰደ ይጻፍ። ታሳቢዎች በተለየ ገጽ ይቀመጡ፦ የአፈር ዓይነት፣ የሥራ ሰዓት፣ አሸዋና ጠጠር የሚመጣበት ርቀት፣ አሠሪው የሚያቀርበው ዕቃ። ከዓመት በኋላ “ለምን ጨመረ?” ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሚገኘው በዚያ ገጽ ላይ ነው። ከድምሩ አብዛኛውን የሚይዙት በተለምዶ አስር ያህል ትልልቅ መስመሮች ስለሆኑ፣ ሁለተኛ ሰው እነዚያን መስመሮች ለብቻው እንደገና ይለካቸው።

ደረጃ 7፦ መጠባበቂያውን ባለቤትና ምክንያት ስጡት

መጠባበቂያ የገማቹ ድንጋጤ ማስታገሻ ወይም የአዛዡ ተጨማሪ ኪስ መሆን የለበትም። ስጋቶቹን ዘርዝሩ፤ ለእያንዳንዱ የመከሰት ዕድሉንና ቢከሰት የሚያስወጣውን ጻፉ፤ ሁለቱን አባዙ። የዓለት ቁፋሮ ዕድሉ 30 በመቶ፣ ዋጋው 500,000 ቢሆን 150,000 ይያዛል። ስጋቱ ያለበት ሥራ አልፎ ዓለት ካልተገኘ ያ ገንዘብ ለሌላ ፍላጎት ሳይውል ይመለሳል። ይህ ዲሲፕሊን ከባድ ነው፤ ትርፍ ገንዘብ እንዳለ የሰማ ተጠቃሚ ሁሉ አዲስ ፍላጎት ይዞ ይመጣልና። ከመጠባበቂያው ማን እስከ ስንት ድረስ ማዘዝ እንደሚችል በሥልጣን ሰንጠረዥ ይወሰን።

ደረጃ 8፦ ጨረታውንና ውሉን ለወጪ ቁጥጥር አመቻቹ

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ለካምፖች ግንባታ በወጪው ላይ መቶኛ የሚከፈልበት ውል ይሠራበት ነበር፤ ተቋራጩ ብዙ ባወጣ ቁጥር ብዙ ያገኛል ማለት ነው። በሁለተኛው ጦርነት ይህ ዓይነት ውል ተከልክሎ ወጪው ተከፍሎ ለተቋራጩ አስቀድሞ የተቆረጠ ክፍያ ብቻ የሚታሰብበት ውል ተተካ። እገዳው እስከ ዛሬ አለ። ሥዕሉ ካለቀና ሳይቱ ከታወቀ ቁርጥ ዋጋ ተመራጭ ነው፤ የመሬት ውስጥ ሥራው ግልጽ ካልሆነ ያንን ክፍል ብቻ የተሠራው መጠን እየተለካ የሚከፈልበት አድርጉት። ሁሉንም ስጋት በተቋራጩ ላይ መጫን ርካሽ ይመስላል፤ እርሱ ግን ዋጋውን በጨረታው ውስጥ ከቶት ነው የሚያቀርበው።

አሁን ደረጃ 1 ላይ የለያችሁትን “ቢኖር ጥሩ ነው” ዓምድ አምጡ። መሠረታዊውን ሥራ ከበጀቱ ትንሽ በታች አድርጋችሁ፣ ቀሪዎቹን በቅደም ተከተል እንደ አማራጭ ዋጋ በጨረታው አስገቡ፤ የሚበቃ ገንዘብ ካለ በተራ ይታዘዛሉ። ከጨረታ በኋላ ተቀምጦ መቀነስ ግን አሸናፊውን ስለሚያናጋና ክርክር ስለሚጋብዝ የመጨረሻ ምርጫ ይሁን።

ደረጃ 9፦ የለውጥ ትዕዛዝን በጥብቅ ያዙ

ወታደራዊ ግንባታን እንደ ለውጥ ትዕዛዝ የሚያቆስለው የለም። አንድ መኮንን ሳይቱን ሊጎበኝ ይመጣል፣ “ይህ በር ወደዚያ ቢሆን” ይላል፣ ፎርማኑ በአክብሮት “እሺ ጌታዬ” ብሎ ያፈርሳል። በሠራዊት ውስጥ የበላይ ሲናገር መታዘዝ ልማድ ነው፤ በውል ውስጥ ግን የማዘዝ ሥልጣን ያለው ውሉን የፈረመው ወይም በጽሑፍ የተወከለው ብቻ ነው። ይህንን ሥራው ሲጀመር ለአዛዦቹ በአክብሮት፣ ለተቋራጩ በደብዳቤ ግልጽ አድርጉ። ጎብኚ የሚጽፍበት መዝገብ ሳይት ላይ ይቀመጥ፤ ሐሳቡ ይመዝገብ፣ ትዕዛዝ ግን አይሁን።

እያንዳንዱ የለውጥ ጥያቄ አንድ ገጽ ይሙላ፦ ማን ጠየቀ፣ ለምን፣ በገንዘብ ስንት፣ በጊዜ ስንት፣ ገንዘቡ ከየትኛው መስመር ይመጣል። ዋጋው ሳይታወቅ ሥራው አይጀመር። የሰው ሕይወት ላይ አደጋ ያለበት ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር የማይሽር ደንብ አድርጉት። ለውጡን በምክንያቱ መድቡ፤ የተጠቃሚ ፍላጎት፣ የዲዛይን ስህተት፣ ያልታወቀ የሳይት ሁኔታ፣ የሕግ ለውጥ። የዲዛይን ስህተት ከሆነ ንድፉን የሠራው አማካሪ ይጠየቅበታል፤ የተጠቃሚ ፍላጎት ከሆነ ጠያቂው ክፍል ከራሱ በጀት ያምጣ። ገንዘቡን ራሱ እንዲያመጣ ሲጠየቅ ፍላጎቱ የሚተን ጥቂት አይደለም።

ሕግም ይረዳል። በአሜሪካ ሕግ የአንድ ወታደራዊ ግንባታ ዋጋ ከተፈቀደለት በ25 በመቶ ወይም ሕጉ ለአነስተኛ ግንባታ ባስቀመጠው የዋጋ ጣሪያ ሁለት እጥፍ፣ ከሁለቱ ባነሰው፣ ሲያልፍ ለምክር ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እናንተም ከዚያ ዝቅ ያለ የራሳችሁ የማስጠንቀቂያ ደረጃ አስቀምጡ፦ ለምሳሌ ከመጠባበቂያው ግማሹ ሲያልቅ ሥራው ግማሽ ካልደረሰ ለበላይ ሪፖርት ይደረግ።

ደረጃ 10፦ በየወሩ የተሠራውን ከወጣው ጋር አወዳድሩ

“እስካሁን 25 ሚሊዮን ወጥቷል፣ በጀቱ 60 ነው፣ ስለዚህ ደህና ነን” የሚል ሪፖርት ምንም አይነግርም። ሦስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፦ እስካሁን ሊሠራ የታቀደው፣ በእርግጥ የተሠራው በበጀት ዋጋ ሲተመን፣ እና የወጣው። የአሜሪካ መከላከያ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በትልልቅ ውሎቹ ላይ መስፈርት አድርጎታል። በዚያው ምሳሌ የታቀደው 24፣ የተሠራው 20፣ የወጣው 25 ሚሊዮን ቢሆን፣ 20 ለ25 ሲካፈል 0.80 ነው፤ የምታወጡት እያንዳንዱ 1 ብር የ80 ሳንቲም ሥራ እያስገኘ ነው ማለት ነው። በዚሁ ከቀጠለ የመጨረሻው ወጪ 60 ለ0.80 ሲካፈል 75 ሚሊዮን ይሆናል። በ60 ለመጨረስ ደግሞ የቀረውን የ40 ሚሊዮን ሥራ በ35 ሚሊዮን መሥራት አለባችሁ፤ ውጤታማነቱ ከ0.80 ወደ 1.14 መዝለል ይኖርበታል። ይህን ያህል ዝላይ ያለ ሥር ነቀል ለውጥ አይመጣም፤ ስለዚህ ወሬውን ለበላይ በዚያው ወር አድርሱ።

የተሠራውን በመቶኛ ስትገምቱ በዓይን አትፍረዱ። መሠረት ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ጣሪያ ሲመታ ይህን ያህል ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። “90 በመቶ ደርሷል” የሚባል ሥራ በዚያው ለወራት ሲቆም የሚታየው ይህ ስምምነት በሌለበት ነው። ከተከፈለው ገንዘብ ጎን የታዘዘውን፣ ግን ገና ያልተከፈለውንም መዝግቡ። የታዘዘ ጄኔሬተር ዕዳ ነው፤ ሰርተፍኬቱ እስኪመጣ አለመጻፉ ዕዳውን አያጠፋውም።

ደረጃ 11፦ መቀነስ ግድ ሲሆን

የእሴት ምህንድስና የሚባለው ዘዴ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሎረንስ ማይልስ እ.ኤ.አ. በ1947 ጀምሮት፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1954 ተቀብሎታል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ነገር ምን ያገለግላል፣ ያንኑ አገልግሎት ሌላ ምን ይሰጣል? ተመሳሳይ ስፋት ያላቸውን መኖሪያዎች በአንድ ሥዕል መሥራት፣ የብረት ምሰሶ ርቀትን አንድ ዓይነት ማድረግ፣ የሃንጋሩን (የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤቱን) በር በተለመደ ስፋት መምረጥ፣ ቁፋሮውንና ሙሌቱን ማመጣጠን፣ እነዚህ ተጠቃሚውን ሳይጎዱ ገንዘብ ያድናሉ።

የማይነኩም አሉ። የውኃ መከላከያውን፣ የእሳት ማጥፊያውን፣ የፍሳሽ መስመሩን ስፋት፣ ጥገና የሚገባበትን በር ቆርጦ ግምቱን ማሳመር በጥገናው ክፍል ላይ ዕዳ መጻፍ ነው፤ ጣሪያው በሚያፈስ መኝታ ቤት ውስጥ የሚያድረው ደግሞ ወታደሩ ነው። ማንኛውም ቅነሳ ከመጽደቁ በፊት የ20 ወይም የ30 ዓመት የጥገናና የኃይል ወጪው አብሮ ይሰላ።

ደረጃ 12፦ ሲያልቅ መዝገቡን ዝጉ

በርክክቡ ወቅት ቁልፍ ከማስረከብ ጎን ለጎን የዋጋውን መዝገብም አስረክቡ፦ የመጨረሻው ነጠላ ዋጋ በየሥራው፣ የስኩዌር ሜትር ዋጋው ደጋፊ ሥራውን ሳይጨምር፣ የለውጦች ዝርዝር በምክንያት ተመድቦ፣ ከታሳቢዎቹ የትኛው እንደተሳሳተ። ምስጢራዊ የሆነውን ዝርዝር ለይታችሁ በተገቢው ቦታ አስቀምጡ፤ ጠቅላላ ቁጥሮቹ ግን ለቀጣዩ ገማች ክፍት ይሁኑ። ደረጃ 4 ላይ የተጠቀማችሁበት ነጠላ ዋጋ የተገኘው ሌላ ሰው ይህንን ሥራ ስለሠራ ነው።